የእማዬ ወጥና የፓልም ዘይት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ልደታ

ዛሬ እማዬን ለክትትል ይዣት ሄድኩ። የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ወዲህ ክብደቷ ሲጨምር ቆይቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀንሷል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በፓልም ዘይት ውስጥ ያለው ስብ የካንሰር ሕዋሳት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንዲዛመቱ ሊያግዝ ይችላል የሚል ነገር ካነበብኩ ጀምሮ፣ ቤት ያለን ዘይት ፓልም ብቻ ስለሆነ፣ ወጡን ያለ ዘይት ነው የምሠራላት። እሷም ትንሽ ትቀምስና ትተወዋለች።

ለሐኪሙ ነገርኳቸው።

«ያነበብሽው በአይጥ የተሞከረውን ነው፤ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም» አሉኝ። «እኔን አሁን የሚያሳስበኝ እናትሽ አለመብላታቸው ነው።»

«ታዲያ በምን ልሥራላት?»

«ፓልሙን ብትተዪው ክፋት የለውም። ግን ጾማቸውን አታሳድሪያቸው።»

ስንመለስ ሰንጋ ተራ ወርደን የኑግ ዘይት ገዛሁና ቤት ስንገባ ሽሮ ሠራሁ። እማዬ ጠርጋ በላች። እጇን እየታጠበች፣ «ከበሽታው ተርፌ ያንቺ ወጥ ሊጨርሰኝ ነበር» አለችኝ። ሳቅን።

እሷ አሁን ጋደም ብላለች። እኔ ግን፣ በሽታው አንድ ቀን ቢመለስ፣ በእጄ ያበላኋትን ሁሉ አንድ በአንድ ማስታወሴ አይቀርም።