ለጆሲ ሰባራ ሳንቲም እንዳትልኪ

ይድረስ ለእማዬ ለወይዘሮ እናናዬ፤ አሰላ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽ ጨረስሽው? የግፊት መድኃኒትሽንስ አብራሽ ያለችው ምህረት ሳትቆጣሽ ትውጫለሽ? የአሰላ ብርድ እንዳይጎዳሽ፣ ዕድሜሽን እንዲያረዝምልኝ አምላኬን ሳልለምን የማድርበት ቀን የለም። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሩፋኤልም እንደ ድሮው ግሮቭፖርት መጋዘን እየገባ ወገቡን ከማማረሩ በቀር ደህና ነው። የልጅ ልጅሽ ቢታንያ በቁመት በልጣኛለች፤ በአፍ ከበለጠችኝ ግን ቆየች። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አብዱረዛቅ ከሩፋኤል ጋር የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው፤ ምሳ ሳታበዪ እንዳትሸኚው።

በየሳምንቱ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ስነግርሽ «እሺ ልጄ፣ ገባኝ» ትዪኛለሽ፤ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ የራስሽን ትሠሪያለሽ። ይኸው ባለፈው እሑድ ደላላ ገዢ ይዞ መጥቶ በመንገድ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ሲያይ እንደዋለ ምህረት ነገረችኝ። ለወንድሜ ለየአብሥራ ዕዳ ልትሸጫቸው ነው አሉ። እንግዲህ ምህረት ይህን ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ የነፍስ አባትሽም ቁጭ ብለው ይስሙልኝ። እስከዚያ ድረስ ማንም ወረቀት ይዞ ቢመጣ እንዳትፈርሚ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። የአብሥራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመሞቱ ከብዙ ዓመት በፊት ክሬዲት ካርድ ነበረው። እዚህ ካርድ የሌለው ሰው የለም፤ ባንኩ ያበድርሻል፣ በየወሩ ትመልሺለታለሽ፣ ካልመለስሽ ወለዱ ይቆለላል። ሥራ የቆመበት ጊዜ መክፈል አቃተው። ባንኩ ጠየቀ፣ ጠየቀ፣ ሲሰለቸው ዕዳውን ሸጠው። አዎ እማዬ፣ እዚህ አገር ዕዳ ይሸጣል። አንቺ የተቀደደ ጫማ ለቆራሌው እንደምትሰጪው ባንኩም የማይከፈል ዕዳ ሰብስቦ በርካሽ ይጥለዋል፤ የሚለቅመው ኩባንያ ደግሞ ሙሉውን ከነወለዱ አምጡ ይላል። እነዚህ ሰዎች ለየአብሥራ አንድ ዶላር አላበደሩትም። መልኩን አያውቁትም። ስሙን እንኳ በቅጡ አይጠሩትም።

በአገራችን አበዳሪ ሰው ነው። ለቅሶ ይደርሳል፣ አፈር ያለብሳል፣ አርባው ሳይወጣ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አይልም። የእነዚህ ግን ሌላ ነው። የአብሥራ ካረፈ አራተኛ ዓመቱን ሲይዝ ድንገት ትዝ አላቸው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይደውሉ ነበር፤ ስልኩን እንዘጋባቸዋለን፣ ያበቃል። ኩባንያው አየና ብልሃት ፈጠረ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደወለ፤ ባነሳው በአማርኛ ነው። «እትዬ ማንያህልሻል፣ እንደምን ዋሉ፣ ጆሲ እባላለሁ፣ እንደ ታናሽ ወንድምዎ ይቁጠሩኝ» አለኝ። ድምፁ ማር ነው። እትዬ ብሎ በጀመረ ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ሆኖብን እንደምንቀመጥ ያውቃል፤ የተቀጠረውም ይህን ስለሚያውቅ ነው። ጅብስ በማያውቁት አገር ሄዶ ነው ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው፤ ይኼኛው ቁርበት የሚያስነጥፈው የገዛ አገሩን ሰው ነው።

«መቼም እኛ አበሾች የሙት ዕዳ አናሳድርም» አለኝ። «ሃፉን ፔይ ካደረጉልኝ ሴትል አደርግልዎታለሁ፤ ፋይሉ ክሎዝ ይሆናል፣ የወንድምዎም ነፍስ ታርፋለች» አለ። ግማሹን ክፈሉኝና ዕዳውን እዘጋዋለሁ ማለቱ ነው። አየሽልኝ? ነፍስና ፋይል በአንድ ትንፋሽ። ለቄስ የሚነገረውን ነገር ኮሚሽን ሊበላበት ነው። አሁን ባስበው እዚያው መስደብ ነበረብኝ፤ እኔ ግን «እሺ ወንድሜ፣ እንመካከርበት» አልኩት። ቢታንያ ከጎኔ ሆና ሰምታ «ማም፣ ጀስት ብሎክ ሂም» አለችኝ፤ ቁጥሩን ዝጊበት ማለቷ ነው። ልጅ ምን ታውቃለች ብዬ ዝም አሰኘኋት። ልጅቷ ከሁላችን ትሻል ነበር።

ጋሼ ገብረየስን ታስታውሺያቸዋለሽ፤ የአብሥራ ከአገር ሲመጣ ቤታቸው ያሳረፉት፣ በቀብሩ ቀን ስለ ቤተሰቡ ሆነው ያመሰገኑት ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ «ይህማ በሽማግሌ ያልቃል» አሉ። ለዕዳ ሰብሳቢ ሽማግሌ! ሩፋኤል ሊስቅ ነበር፣ በዓይኔ ተቆጣሁት። ቅዳሜ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰው ጨምረው፣ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ዌስተርቪል ቤታችን መጡ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ድምፁን ከፈቱት፤ ከዚያ ሦስቱም ተነሥተው ቆሙ። ሽማግሌ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጥማ። ማሽኑ ጠብቁ አለና ሙዚቃ ለቀቀባቸው። እማዬ፣ ሦስት ሽበታም ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ለሙዚቃ ቆሙ። «ኧረ ተቀመጡ» ብል ጋሼ ገብረየስ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

በመጨረሻ ጆሲ ተገኘ። ማስቲካ ሲያኝክ ይሰማል። ጋሼ ገብረየስ እንደ ወጉ ጥፋቱን ቀድመው ተቀበሉ፤ «ዕዳው የእኛ ነው፣ ያዘገየነውም እኛ ነን፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረን» አሉት። በእኛ ወግ ጥፋቱን ካመንሽለት አበዳሪው ራሱ ያፍራል፤ ወይ ይቀንሳል፣ ወይ ይምራል። ጆሲ ምን ያለ ይመስልሻል? «ኦኬ ጋሼ፣ ስለዚህ ዕዳው የእናንተ መሆኑን አክሰፕት አድርጋችኋል፤ ኮሉ ሪከርድ እየተደረገ ነው» አላቸው። ማመናችሁን በድምፅ ቀድቻለሁ ማለቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳለ አልገባቸውም፤ አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

ነገሩን ያበላሸው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጋሼ ገብረየስ ልቡን ያራሩ መስሏቸው «እናቱ አሰላ አለች፣ አሮጊት ናት፣ ለእሷ ስትል» አሉት። ማኘኩን አቆመ። «ውይ፣ እናት አላቸው እንዴ! ደውዬ እግዚአብሔር ያጽናዎት ልበላቸው፣ ቁጥራቸውን ይስጡኝ» አለ። እኔ ውኃ ላመጣላቸው ጓዳ ገብቼ ነበር። ስመለስ ጋሼ ገብረየስ ስልክሽን ሰጥተው፣ «ተባረክ፣ ያሳደገህ ይባረክ» ብለው መርቀው ጨርሰዋል። ትልቅ ዕርቅ ያወረደ ሰው ዓይነት ደስታ ነበር ፊታቸው ላይ።

የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ደወለልሽ፣ አብሮሽ አለቀሰ። ምህረት እንደነገረችኝ «እንደ ልጅዎ ይዩኝ» ብሎሻል። አራት ዓመት ዘግይቶ ለቅሶ የደረሰ ጀግና! ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንኳን በጥጋብ በክፉ ቀንም ሰሃን እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ባዶ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ከዚያ ነፍሱ ታስራለች ብሎ አስደነገጠሽና ገንዘቡን በምን በኩል እንደምትልኪ አስረዳሽ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ከሐዘንተኛ ደጃፍ የሚቆርጥ ያየሁት አሁን ነው።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በነፃ የምትመክር የሕግ ባለሙያ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። የሙት ዕዳ የሚጠየቀው ሙት ከተወው ንብረት ነው አለችኝ። የአብሥራ የተወው አንድ አሮጌ መኪናና ልብሱን ነው። አብራችሁ ካልፈረማችሁ እናትም እህትም አትጠየቁም፣ ለአንቺ ስለ ዕዳው መደወሉም ራሱ ክልክል ነው አለች። በዚያ ላይ ዕዳው አርጅቶ ፍርድ ቤት የሚያቆሙበት ጊዜ አልፏል። ጋሼ ገብረየስ «የእኛ ነው» ማለታቸውን ስነግራት ራሷን ያዘች፤ እሳቸው ስላሉ የእናንተ አይሆንም፣ ግን ለምልክት ብላችሁ እንኳ አንድ ዶላር እንዳትከፍሉ፣ ከከፈላችሁ የሞተውን ነገር ታነሡታላችሁ አለችኝ። ሁለተኛ እንዳይደውሉ በጽሑፍ አስታውቃልናለች።

ጽሑፉ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አልበቃኝም። ራሴ ደወልኩለት። «እትዬ! ፔይመንት ልናደርግ ነው?» አለ ደስ ብሎት። እናትህ አለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አለች፣ አዳማ ነው ያለችው አለኝ፤ ቤት እያሠራላት እንደሆነም ጨመረልኝ። «እንግዲያው ስልኳን ስጠኝ፤ ልጇ ምን ሠርቶ ቤት እንደሚሠራላት ላጫውታት» አልኩት። «እትዬ፣ ፕሮፌሽናል እንሁን እንጂ» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ እዚህ አልደወለም። ወደ አንቺ ቢደውል ግን ድምፁን ሰምተሽ እንዳትራሪለት፤ ያ ልቅሶ በወር ደመወዝ የሚከፈልበት ነው።

ጋሼ ገብረየስ አፍረው ሁለት እሑድ ከዓይኔ ሸሹ። አልተቀየምኳቸውም፤ ሄጄ እጃቸውን ስሜ መጣሁ። እሳቸው ግን አሁንም «ልጁ እንጀራ ሆኖበት ነው» ይሉኛል። እንጀራ? መጋዘኑ ሁሉ ሠራተኛ ጠፋ እያለ ሲጮህ? ሩፋኤል ሙሉ ሌሊት ሳጥን ይሸከማል፤ ሳጥን ተሸክሞ የማንንም እናት አላስለቀሰም። እኔ ለጆሲ የሚሆን አዘኔታ የለኝም፤ ፈልጌም አጣሁት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። አንቺን ያስጨነቀሽ የሕግ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጄ የሰው ገንዘብ ይዞ አምላኩ ፊት ቆመ ብለሽ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የአብሥራ ካርዱን መክፈል ያቆመው የትኛው ዓመት እንደሆነ ታውቂያለሽ? እነዚያ ሁለት ክፍሎች ግድግዳቸው ቆሞ ቆርቆሮ ያጡበት ዓመት ነው። ሥራ ቆሞበት፣ በሰው መኪና እየተላላከ ያገኛት ገንዘብ ለባንኩና ለአንቺ አትበቃም ነበር። እኔ ባንኩን ቅደም፣ ኋላ ጣጣ ያመጣብሃል ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ምን አለኝ መሰለሽ፤ «ባንኩ ጣራ አለው፤ እማዬ ናት የሌላት» አለኝ። ቆርቆሮውን ላከልሽ። ክረምቱ ሳይገባ ጣራው ተመታ፤ አንቺም በስልክ ስትመርቂው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

ዛሬ አንደኛውን ላቀች ሽሮ ቤት አድርጋዋለች፣ በሌላው መምህሩ ይኖራል፤ ከሁለቱ ኪራይ መድኃኒትሽ ይገዛል፣ ምህረት ትማራለች። የአብሥራ አስቦበት፣ ከባንኩ አስበልጦ የሰጠሽ ነው። ክፍሎቹን ሸጠሽ ለጆሲ ስትልኪለት ልጅሽን የምታሳርፊው ይመስልሻል፤ የሠራውን እያፈረስሽበት ነው። የነፍስ አባትሽ ኃጢአት ነው ካሉም በእኔ ይሁን፤ ንስሐውን ለእኔ ይስጡኝ፣ እፈጽመዋለሁ።

ምህረትን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የፈተና ውጤቷን ትጻፍልኝ። ለነፍስ አባትሽ መስቀላቸውን ተሳለምኩ በዪልኝ። ለመምህሩና ለጎረቤቶቹ ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ። ሩፋኤል ጉልበትሽን ስሟል፤ ቢታንያም በእንግሊዝኛ የጻፈችውን አብዱረዛቅ ይተረጉምልሻል። ላቀችን በጣም ሰላም በዪልኝ። ክፍሉን ልቀቂ ብለሻት ከሆነ ግን ይህ ደብዳቤ ተነብቦ እንዳለቀ ተነሥተሽ ሂጂና «ተቀመጪ፣ የልጄ ቤት ነው» በያት።

ልጅሽ ማንያህልሻል
ዌስተርቪል፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.