እንሰቱን አታስቆርጪው

ሐምሌ 4 ቀን 1963 ዓ.ም.
ከእንግሊዝ አገር

ውድ አዛለች፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ዋናውን ነገር ላስቀድም፤ የጓሯችንን እንሰት እንዳታስቆርጪ! ጎረቤታችን ዳምጤ ከመስቀል በፊት ይመንጥረው ብዬ የሄድኩትን ትቼዋለሁ። ደብዳቤው ቡታጅራ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ይፈጃልና እየጻፍኩ እንኳ ልቤ አላረፈም።

ምን ነካው እንዳትይ። እሑድ ዕለት ለኮርስ የመጣነውን አስተማሪዎች፣ ባላባቶች ሦስት መቶ ዓመት ሲወራረሱት ወደኖረ ግቢ ወስደው አስጎበኙን። ጽጌረዳው ብቻ ከገበያችን ሜዳ ይሰፋል። እኔም በእንሰትሽ ቦታ ልተክለው ያሰብኩት እሱን ነበር። ጭቃ ላይ ተንበርክካ የምታርም አሮጊት አገኘሁና ሠራተኛ መስላኝ፣ «እመቤቲቱ የት አሉ?» አልኳት። ለካ እመቤቲቱ ራሷ ነች! ስቃ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ «ና፣ ያገርህን ተክል ላሳይህ» ብላ መስተዋት ቤት አስገባችኝ።

እንሰት ነው አዛልዬ! እንዳይበርደው ማሞቂያ ተደርጎለት መሐል ላይ ተንሰራፍቷል። «ዘንድሮ ሊያብብልን ነው» አለችኝ በደስታ።

«ኧረ እመቤቴ፣ ሳያብብ ቶሎ ይፋቅ!» አልኩ ሳላስበው። ያንቺን አነጋገር ነው የተናገርኩት። ሴትዮዋ ደነገጠች።

«ተፍቆ ምን ይሆናል?»

«ይበላል።»

«እንዴት?» አለችኝ። ስድስት ዓመት ከእጅሽ ቆጮ የበላሁ ሰው፣ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አላውቅም። «የምታውቀው ባለቤቴ ናት» ብዬ አመለጥኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

እውነቱን ልንገርሽ። ነገሩ የጽጌረዳ ፍቅር አልነበረም። እንደኔው ከሰሜን የመጡት ባልደረቦቼ ከእንሰት በላተኛ ቤት ስላገባሁ «የቅጠል አማች» እያሉ ሲስቁብኝ አፍሬ ነው። ጽጌረዳ ልተክል ነው ስልሽ አንቺ «አበባው ይበላል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ስቆጣ ዝም አልሽ። ያ ዝምታሽ እዚህም እንቅልፍ ይነሳኛል። ይቅር በይኝ። እወድሻለሁ፤ ፊት ለፊት ብዬሽ ግን አላውቅም።

ምናልባት ደብዳቤዬ ሳይደርስ ተቆርጦ ከሆነ አትደብቂኝ። ችግኙን ከእናትሽ ለምኚ። በእናንተ ዘንድ መትከል የወንድ ድርሻ አይደል? ጉድጓዱን መጥቼ እኔ እቆፍራለሁ። እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል ትይኝ ይሆናል። ይፍጅ። የትም አልሄድም።

ያንቺው
ፈቃደ