ትርጉም የሌለው ስም

ግንቦት ፲፬ ቀን፣ ሸዋ ሮቢት

ይህን ቃል የምጽፈው ለራሴ ነው፤ ዛሬ በልጄ ቤት የሆነውን ነገ ለራሴ አሳምሬ እንዳልተርከው።

የልጅ ልጄ ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። እኔም የዓለም ስሟን አውጥቼ ሄድሁ። ትርሲት፤ ጌጥ ማለት ነው። ልጄ ከማንጎው ጥላ ሥር ሕፃኗን እያጠበች፣ "ስም አውጥቼላታለሁ፤ ኤልዊና" አለችኝ።

"ትርጉሙስ?"

"እንጃ፤ ከስልክ ላይ ነው ያገኘሁት። ከአጣዬ እስከ ደብረ ሲና አንድ ሰው አይጠራበትም። የወደድኩትም ለዚህ ነው።"

"ውሻ እንኳ ትርጉም ባለው ስም ይጠራል!" ብዬ ጮኽሁ። በግእዝ ሥር የለውም፤ በአማርኛም ዘመድ የለውም፤ አባቱ ያልታወቀ ስም ነው አልሁ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በዚህ ስም ከተጠራች ከደጃችሁ አልደርስም ብዬ ከዘራዬን አነሣሁ።

ልጄ አልጮኸችም። ወንድ ስጠብቅ አራተኛ ሴት ሆና ብትወለድብኝ፣ "ይበቃኛል" ብዬ የሰየምኋት እኔው ነኝ። ሕፃኗን በነጠላ ጠቀለለችና ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"አባዬ፣ እኔ የስሜን ትርጉም ለጠየቀኝ ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። እሷ የምትናገረው አይኑራት።"