የወይዘሪት መድኃኒት

የኔ ካሳ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላ። ሰላም ነህ ወይ ብዬ መጀመር አቃተኝ፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ሰቆጣ ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶባታል። አጥሩን ወንድምህ ጠግኖልኛል፤ እህትህም ከአምደወርቅ መጥታ ሰንብታልኝ ተመለሰች። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ወይዘሪት ነው።

ያቺን ስፓንየል የምትባል ትንሽ የፈረንጅ ውሻ፣ ፈረንጇ ባልደረባህ አገሯ ስትገባ ሰጥታህ አቅፈሃት የመጣህ ዕለት እንዴት እንደተቆጣሁ ታስታውሳለህ? ዕድሜህን ሙሉ የአበርገሌን ፍየል ስትከትብ የኖርክ የእንስሳት ሐኪም፣ ጆሮዋ መሬት የሚጠርግ ውሻ! ሌባ ቢመጣ ጭራዋን እየቆላች የምታስገባ ናት ብዬ ሳቅኩብህ። አንተም አልካድክም። ዘሯ ለጭን እንጂ ለጥበቃ አይሆንም፣ ብቻዋን ከተተወች ትታመማለች አልከኝ። ጆሮዋን እያበጠርክ፣ ስታጥባት ውስጡን በጨርቅ እያደረቅክ ስሟን ወይዘሪት አልካት። ልቧ ደካማ መሆኑን በማዳመጫህ ከሰማህ ወዲህ ደግሞ ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ኪኒን ትሰጣት፣ ስትተኛም ትንፋሿን ትቆጥር ነበር። ታመህ ከተኛህ በኋላ እንኳ አደራ ያልከኝ ስለሷ ነው። እሺ አልኩህ።

ካሳ፣ አደራህን በላሁ።

ለቀስተኛው ቤቱን ሲሞላው፣ ውሻ ሳሎን መተኛቷ አሳፍሮኝ ከፍየሎቹ ጋር አሰርኳት። እዚያው ቀረች። ለአርባህ ደግሞ እንደ ወጉ ልብስህን ሁሉ ለነዳያን ሰጠሁ። ኪሱን እንኳ አልፈተሽኩም፤ እጄን ብከት የማለቅስ መሰለኝ። መድኃኒቷ ለካ በቡናማው ኮትህ የውስጥ ኪስ ነበር። በለቅሶው ኪኒኗን ዘንግቼው ኖሮ፣ ትዝ ሲለኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱን ስገለብጥ ከረምኩ። ሳሏ ሲበረታ ብርድ ነው ብዬ ማር በሞቀ ውሃ በጥብጬ ሰጠኋት።

አንድ ጠዋት ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ሳገኛት ከቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ኮትህን ከለበሱት ሽማግሌ እግር ሥር ተኝታለች። ያን ሁሉ ዳገት፣ በዚያ ልቧ! ኮቱን ሳይ ኪኒኗ ትዝ አለኝና ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ ኪሳቸውን ሲፈትሹ የኪኒኗ ብልቃጥ እንዳለ ወጣ። ኮቱንም ላውልቅልሽ አሉኝ። ለነፍስህ የሰጠሁትን እንዴት መልሼ እወስዳለሁ? ከዚያ ወዲህ ወደ ሳሎን መልሻት፣ ኪኒኗንም እየሰጠኋት፣ በየጠዋቱ በነጠላዬ አዝያት እወጣ ነበር፤ ኮትህን አሽትታ እንመለስ ነበር። አዎ፣ ያ ሁሉ ኩራቴ ቀርቶ ውሻ አዘልኩ። አገር ስቆብኛል፣ ይሳቅ።

ግን ዘግይቼ ነበር። ጓደኛህ ሐኪሙ አዳምጧት ልቧ ማበጡን፣ ሳንባዋም ውሃ መያዙን ነገረኝ። ኪኒኑ ያኔ ባይቋረጥ ትድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አቀርቅሮ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ትናንት ረፋድ ላይ ጭኔ ላይ ሞተች። ዓይኗ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቀበርኳትና እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በቀብርህ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ጎረቤቶች ደንግጠው ሲመጡ ለውሻ ነው ማለት አፈርኩ። ባሌ ትዝ ብሎኝ ነው አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ይቅር በለኝ። በዚህ ቤት እኔ ሥራዬን ስሠራ በር በሩን እያየች የምትጠብቅህ እሷ ነበረች። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። የሷንም ድርሻ ጨምሬ አስታውስሃለሁ።