ሰርቨሩ ያልተነሳበት ማክሰኞ

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ሆሳዕና ከተማ

የክሊኒኩ ሰርቨር በጣም እየዘገየ ነበር። ሥራ ከጀመረ በኋላ ሜሞሪው ተበጣጥሶ ሰፊ ባዶ ቦታ ስለማይገኝ፣ ገና ሲነሳ ለታካሚዎች መዝገብ “ገጽ” የሚባሉ ትልልቅ የሜሞሪ ክፍሎችን አስቀድሞ እንዲይዝ ዛሬ ጠዋት አዘዝኩት። አብዝቼ ኖሯል፤ ለሌላው ምንም ስላልተረፈ ማሽኑ ሳይነሳ ቀረ። የገጾቹን ቁጥር ልቀንስ ብል እንኳ ስላልተነሳ አያስገባኝም።

ካርድ ክፍል ያለችው አስቴር "ሲስተም የለም" እያለች ሰው ስትመልስ ዋለች። የታመሙ ባለቤታቸውን ከሞርሲቶ ድረስ ይዘው የመጡ አዛውንት እኔ ወዳለሁበት የኮምፒውተር ክፍል ገቡ። ሐኪሙ ያለፈውን የምርመራ ውጤት ሳላይ መድኃኒት አልቀይርም ብሏቸዋል።

"ልጄ፣ ሲስተሙ መቼ ይመጣል?"

"ነገ" አልኳቸው። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

ባለቤታቸው ግድግዳውን ተደግፈው "አይዞህ፣ ልጄ" አሉኝ። ታማሚዋ እኔን ያጽናናሉ! ሰርቨሩን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን አላወቁም፤ ከዚያ በኋላ ኪቦርዱን ለመንካት አፈርኩ።