ጋዜጣ ያልተነጠፈለት ቡችላ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደግፋለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ አድገው ቤቱን ሞሉት? የባለቤትህ እናትስ ዓይናቸው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠራላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ እረፍት ካጣሁ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ይህንን ስጽፍልህ እንኳ አንድ እግሬ በሩ ላይ ነው። ዝም ሲል ምን እያበላሸ ነው ብዬ እነሳለሁ፤ ሲጮህ ደግሞ ማን ሰማው ብዬ እነሳለሁ። የምጽፍልህ ስለላክህልኝ ቡችላ ነው።

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ቅሬታዬን ላውጣው፤ ሆዴ ውስጥ ከቆየ ይሻግታል። ባለፈው የጻፍኩልህ አንድ ጊዜ መጥተህ እየኝ ብዬ ነበር። በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነው፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ «መጥተህ» የሚለውን ብቻ አምስት ጊዜ ሰርዤ ጽፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ስትንጠለጠል ከረመች። አንድ ቀን የጭነት መኪናው ሾፌር ካርቶን ታቅፎ መጣ። ወንድምሽ ብቻዋን ከምትሆን ጓደኛ ይሁናት ብሎ ነው አለኝ። ከፈትኩት፤ ሁለት ዓይን ቁልጭ ቁልጭ ይላል። ና ላልኩት ሰው መልሱ ቡችላ መሆኑን ለሾፌሩ ምን ብዬ ልንገረው? አመስግኜ ተቀበልኩ። ሾፌሩ ሲወጣ ካርቶኑን ገልብጬ ደብዳቤ ፈለግሁ። የነበረው ያረጠበው ሣር ብቻ ነው።

ስም አላወጣሁለትም። ስም ከወጣለት ይቀራል ብዬ ፈራሁ። «እንግዳው» ነው የምለው፤ እንግዳ ይሄዳላ።

የምኖረው እንደምታውቀው ከስፌት ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ክፍሏ ከሥራው ጋር የተሰጠችኝ ናት፤ ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ስገባ የስፌት ቤቱ ባለቤት እናትየዋ ነበረች፤ ዛሬ ልጅየዋ ናት፤ እኔና ዘበኛው በሌለችበት «እሜቴ» የምንላት። ቁልፍ መትከል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሷም እትዬ ትለኛለች፤ ጥሩ ሲሆንላት ትሳሳልኛለች፤ ሥራ ሲበላሽ ግን አታውቀኝም።

የእንግዳውን ውሎ አዳር ልንገርህ። የወተት ጥርሱ መርፌ ነው። ያገኘውን ሁሉ በዚያ ይሞክረዋል። የልክ ሜትሬን ከአርባ እስከ ስልሳ ያለውን በላው፤ አሁን የሴት ወገብ ስለካ መሃሉን በግምት ነው። የነጠላ ጫማዬን አንዱን ብቻ ጨረሰ፤ ሁለቱንም ቢበላው አርፌ ሌላ እገዛ ነበር። ስሰፋ የመኪናው መርገጫ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ በአንድ እግሬ ብቻ እረግጣለሁ፤ ወገቤ ወደ አንድ ጎን ሊቀር ነው። ከክፍሌ ስወጣ ሰው ሄዶ እንደሚመለስ አያውቅምና ያለቃቅሳል። ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ስመለስ እንኳ አሥር ዓመት እንደተለየኝ ነው የሚቀበለኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ እንደዚያ የተቀበለኝ ሰው የለም፤ እሱም ያናድደኛል።

ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ግን አነጋገሯ የበሰለ ነው። ከበላ በኋላ ቶሎ አውጪው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ በሩ አጠገብ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፊለት፤ እዚያ ላይ ሲሸና አሞግሺው፤ ሌላ ቦታ ቢያበላሽ አትምቺው፤ ወር ሳይሞላው ይማራል አለችኝ። ምግቡን አራት ጊዜ ከፋፍዬ ሰጠሁ፤ ክትባቱን፣ የትሉን መድኃኒት አስጨረስኩ። የነገረችኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ከአንዱ በቀር።

ጋዜጣውን ማንጠፍ አልቻልኩም።

አሮጌ ጋዜጣ አጥቼ አይደለም፤ ከፍራሼ ሥር የተጣጠፈ ሞልቷል። ግን አንተ በሰባት ዓመትህ ፊደል ስትቆጥር እኔ ቁልፍ እተክል ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ መነጽር አድርጌ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ተጎራብቼ ነው። ያለ ማንም እገዛ ከጫፍ ጫፍ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ጋዜጣ ላይ የወጣ የፍሪጅ ማስታወቂያ ነው። ፍሪጅ የለኝም፤ ግን እንባዬ መጣ። ከዚያ በፊት ያንተን ደብዳቤዎች የሚያነብልኝ ዘበኛው ነበር። አጭር አጭር ሲሆንብኝ፣ ይሄ ሰውዬ እየዘለለ ነው እያልኩ አማው ነበር። ማንበብ ስችል ሁሉንም አውጥቼ አየኋቸው፤ ለካ እየጨመረልኝ ኖሯል። «እህቴ ናፍቀሽኛል» የሚለው አንዱም ላይ የለም።

እንግዲህ ለፊደል እንዲህ የደከምኩ ሰው ነኝ። ያንን አንጥፌ ውሻ ይሽናበት? እጄ እንቢ አለኝ። ዘዴኛ ነኝ ብዬ ስፌት ቤቱ የሚጥለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስቤ በሩ አጠገብ አነጠፍኩለት። ጨርቅ እንደሁ ጨርቅ ነው፤ የሚነበብ የለው። በአሥር ቀን ውስጥ ተማረ። መሬት ላይ ጠብ አያደርግም፤ እየሮጠ ጨርቁ ላይ ይወጣል። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» እለዋለሁ። ይህንን ቃል አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነበር የምለው፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም ብዬው አላውቅም። ዘበኛው ጋ ሄጄ ስንት ጊዜ ጎረርኩ መሰለህ፤ ያንተ የልጅ ልጆች እንኳ እንዲህ ቶሎ አልተማሩም አልኩት። ተቀየመኝ።

አንድ ጊዜ ቆየኝ፤ የሆነ ነገር ወደቀ።

መጣሁ። መወልወያውን ነው የጣለው። የት ደርሼ ነበር? አዎ፤ ወደ ማክሰኞው ጉድ ልመጣ ነበር።

ማክሰኞ የሙሽራ ቬሎ ልንቆርጥ ነበር። ትልቅ ልብስ ጠረጴዛው ስለማይበቃው መሬቱ ላይ አንሶላ እናነጥፋለን፤ በላዩ ጨርቁን እንዘረጋለን፤ ከዚያ ጫማ አውልቀን በጉልበታችን እየዳኽን እንቆርጣለን። ነጭ ሳቲን ነው፤ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ክፍሉን ሞልቶታል። እሜቴ መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ በአንደኛው በኩል ተንበርክካለች፤ እኔ በሌላው በኩል። የጓሮውን በር ማን ክፍት እንደተወው አላውቅም፤ እኔ ነኝ መሰለኝ። እንግዳው ገባ። ጨርቁን አየ። በሕይወቱ ይህን የሚያህል ጨርቅ አይቶ አያውቅም። ልክ መሃሉ ላይ ሄዶ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ጨረሰ። ከዚያ ጭራውን እየቆላ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ጎበዝ እስክለው እየጠበቀ ነው።

እሜቴ መርፌ በአፏ ስለነበር መጮህ አልቻለችም። አንድ በአንድ አወጣችና እጅጌዋ ላይ ሰካቻቸው። ሰባት ነበሩ፤ ሌላ የማየው ስላልነበረኝ እነሱን አየሁ። ሰባተኛውን ስትሰካ ንዴቷ በርዶ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

«እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ይውጣ» አለች።

ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን አጠብነው፤ ቢጫው ቀለበት አልለቅ አለ። የቬሎውን ፊት ከተረፈው ጨርቅ ላይ እንደገና ስንቆርጥ ከኋላ የሚጎተተው ክንድ ያህል አጠረ። እሜቴ ለሙሽራዋ የዘንድሮው ፋሽን አጭር ነው አለቻት፤ ሙሽራዋም እሱን ነበር የፈለግሁት አለች። እኔ ላይ ግን ፊቷን እንዳጠቆረች ሰነበተች።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ የሚወስደው ሰው ፍለጋ ቀልቤ ተገፎ ዋለ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ በሩን አያለሁ፤ በሩ ጋ ስሄድ መቀሱን ረስቼ እመለሳለሁ። አንድ እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰፋሁ። ጫማ ሰፊው፣ ዘብ ይሆነኛል፣ ይናከሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሜትር ብቻ ነው የሚበላው አልኩት፤ ይቅርብኝ አለ። ዘበኛው እኔ እወስደዋለሁ አለኝ፤ ቂሙንም ትቶት ነበር። የት ታሳድረዋለህ ስለው በር ላይ አስሬው አለኝ። ገመዱን ሲያሳየኝ፣ ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ተመለስኩ። ይሂድልኝ እያልኩ ስንት ሳምንት ስማጸን ሰንብቼ፣ የሚወስደው ሲገኝ ገመዱ አጠረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እሜቴ ካውያውን አስቀምጣ ምን አደረግሽ አለችኝ። ዋሽቼ ላልፍ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ጨርቅ ላይ ያስተማርኩት እኔ ነኝ አልኳት። ለምን እንዲህ ያለ ነገር አስተማርሽው፣ ሐኪሟ የነገረችሽ ምን ነበር አለች። ጋዜጣ አልኳት። ታዲያ አለች። ታዲያማ ያንን ሁሉ ነገርኳት፤ የፊደሉን፣ የፍሪጁን፣ የፍራሼን ሥር። ስታድግ ያየኋት ልጅ ፊት እንዲህ ራቁቴን ቆሜ አላውቅም።

ሰምታኝ ስታበቃ ወደ ጥግ አመለከተች።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት እኮ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ሞልቷል።»

ልክ የምናወጣበትን የካኪ ወረቀት ጥቅል ነው የምታሳየኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስቆርጠው የኖርኩትን፣ በየቀኑ እግሬን የሚያደናቅፈኝን። ራሴን በመቀሱ እጀታ ልመታው አማረኝ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ልስቅ ስል ግን እሜቴ አልሳቀችም። አንዴ የተማረውን ማን ያስረሳዋል፣ ነገም ሌላ ሰው ልብስ ላይ ነው፣ ይውጣ አለች።

ያኔ ነው ከአፌ የወጣው። ሳስበው የኖርኩት ነገር አይደለም፤ እኔም የሰማሁት እሷ ስትሰማ ነው። «እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» አልኳት።

«የት ትሄጃለሽ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ወንድም አለኝ፤ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ወንድም የሚባል ሰው በዚያ በር ሲገባ አይታ አታውቅም። ከዚያ ካውያዋን አነሳችና ሁለት ሳምንት ሰጥቼዋለሁ አለች። ወረቀቱን ራሷ ቀድዳ ሰጠችኝ።

ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ወረቀቱ ላይ አቆመዋለሁ፤ ይንኮሻኮሽበታል፤ ግራ ገብቶት ጨርቅ ፍለጋ ክፍሉን ይዞራል። ትናንት ሲጨንቀው የቀሚሴ ጫፍ ላይ ጨረሰው። ዛሬ ጠዋት አንዴ ወረቀቱ ላይ አድርጓል፤ አውቆ ይሁን ስቶ እንጃ። ብቻ ጎበዝ አልኩት። ይልመድ አይልመድ እኔም እሱም አናውቅም። ከመቀመጥ መነሳቴ፣ ከመነሳት መቀመጤ ለዚህ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ ሁለቱ ሳምንታት የሱ ብቻ እንዳልሆኑ ይግባህ። ቢማር እዚሁ እንኖራለን፤ ለሌላው ነገር አላስቸግርህም። ባይማር ግን ያልኩትን ብያለሁ፤ እሱን በር ላይ እንደታሰረ ጥዬው መኝታዬ ላይ ልጋደም አልችልም። ለእሜቴ ስነግራት ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እውነት ይሁን ውሸት ግን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። አሮጊትና የልክ ሜትር የበላ ውሻ ሻንጣ ይዘው ደጅህ ቢቆሙ ትከፍታለህ? መልሱን በሾፌር አትላክብኝ፤ በካርቶንም አትላክ። በራስህ እጅ ጻፈው። ማሳመር አያስፈልገውም። እከፍታለሁ ከሆነ እከፍታለሁ በል፤ አልከፍትም ከሆነም አልከፍትም በል። ሁለቱንም ማንበብ እችላለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ደርሶኛል፤ እጅጌው ቢረዝምም አሳጥሬ ለብሼዋለሁ። ለትልቋ ልጅህ ሰላም በልልኝ፤ የምትዳር ከሆነ ልብሷን ለሌላ ሰፊ እንዳትሰጥ። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ፤ እኔን አያውቀኝም፤ አክስትህ ናት በለው። የባለቤትህን እናት እግዜር ዓይናቸውን ይመልስላቸው በልልኝ። አንተም ጉልበትህን ብርድ አታስመታው።

ታላቅ እህትህ

ከስፌት ቤቱ ጓሮ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን