የእናትሽ ከረሜላ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11
ከሰዓት በኋላ፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጢ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ምኑን ደህና ሆንኩት! እናትሽ ከተኛች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ስኳሯ አልወርድ ብሎ የግራ እግሯ ቁስል ሁለት ጣቶቿን ወሰደ። ሰኞ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እንቆርጣለን ብለዋል። ደውዬ ልነግርሽ አንደበቴ እምቢ አለኝ፤ ይህን ጽፌ ፎቶውን በስልክ እልክልሻለሁ።

"አባዬ፣ ለእማዬ ከረሜላ በስኳር ፈንታ ከላክኋቸው ዱቄቶች የትኛው ተስማማት?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ብዬሽ ነበር። እንግዲህ ስሚኝ። ያ ቺኮሪ የሚሉት ተክል የሥሩ ዱቄት ጥፍጥናው ለስኳር ይቀርባል፤ ግን ሆዷን ነፋት። "ከረሜላ ነው ያበላኸኝ ወይስ የጎማ መንፊያ?" ብላ ሳቀችብኝ። የካሳቫው አልነፋትም፤ ብቻ ጥፍጥና የሚባል አልፈጠረበትም፣ ጥርስ ላይም ሙጭጭ ይላል። የበቆሎው አልደርቅ ብሎ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ፊቷን አጨማዳ ተፋችው።

ሠላሳ ዓመት ከረሜላ ሠርቼ የኖርኩ ሰው፣ ሚስቴ የእጄን ሥራ ስትተፋ አየሁ። አዘንኩላት እንዳልልሽ፣ የተነካው ክብሬ ነው። በማግስቱ የቺኮሪው ላይ አንድ ጭልፋ እውነተኛ ስኳር ጣል አደረግሁበት፤ ለአንድ ቀን ብዬ። ፊቷ በራ። "አገኘኸው! ልጄ ትባረክ!" አለች። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልመለስ? በሳምንቱ ጭልፋው ሁለት ሆነ። በወሩ ዱቄትሽን ተውኩት፤ ስኳር ብቻ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ፣ ሚጢ! ሐኪሙ "ጣፋጭ ነገር ይበላሉ?" ሲላት "ኧረ በፍጹም!" ትላለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ዛሬ ጠዋት አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ትረግመኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በረገመችኝ! "አሁን ደግሞ በልጄ ቀናህ?" አለች። "እስካሁን ያቆየኝ እኮ ልጄ የላከችው ነው! እሱንም ልታጣጥልብኝ?" ከትራሷ ሥር አንዱን ከረሜላ አውጥታ፣ እያየሁ ወረቀቱን ልጣ ጎረሰችው። ለሐኪሙ ተናገርኩ፤ ነርሷ መጥታ ያለውን ሁሉ ወሰደችባት። ከዚያ ወዲህ ምግብ የለ፣ መርፌ የለ። ለቀዶ ጥገናው ፈርሚ ቢሏትም "የልጄን መልሱልኝ፣ እግሬ በሱ ይድናል" ብላ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ሐኪሙ ካልተቆረጠ መርዙ ደሟ ውስጥ ይገባል ይላል።

እኔን አታምነኝም። ሰው ሁሉ ቢነግራት አታምንም፤ የምታምነው አንቺን ነው። ደውይላትና "እማዬ፣ የበላሽው የኔ አይደለም" በያት። ልጄ አዳነችኝ እያለች ነው የቆመችው፤ ይህን እምነቷን ከእጇ ነጥቀሽ እግርሽን ለሐኪሞቹ ስጪ በያት ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አባት ልጁን አይለምንም። እኔ ግን ሌላ መላ ጠፋኝ።

ዱቄት ከእንግዲህ አትላኪ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ባለሽበት ሰው ያርግሽ። መጀመሪያ እሷን አናግሪ። እኔን ከዚያ በኋላ ባታናግሪኝም አልቀየምሽም።

አባትሽ